ወረቀት የጨመረባት ዓመት

ስካርቦሮ፣ ቶሮንቶ
ኅዳር 8 ቀን 2004 ዓ.ም.

መንግሥት ልጅ ያሳድጋል ወይ ብትይኝ፣ ያሳድጋል! በደንብ አድርጎ ነው የሚያሳድገው። ያበላል፣ ያለብሳል፣ ጥርሷ የተንጋደደ እንደሆነ ሽቦ ያሳስርላታል። አንድ ነገር ብቻ አይችልም። ማታ ስትመጣ «የት አመሸሽ አንቺ?» ብሎ አይቆጣም። ሰው ካልተቆጣው ደግሞ የማን እንደሆነ በምን ያውቃል?

ይኸው፣ ሰላምታውን ዘልዬ ክርክር ውስጥ ገባሁ። እህቴ ኩልሱም፣ እንደምን ከረምሽ? የጦሳ ተራራ ብርድ እንዴት ይዞሻል? አንቺ በዱዓሽ እኔ በጸሎቴ፣ ከሁለት በኩል ይዘን ስንጎትተው አንዱ ጌታ እስካሁን አቆይቶናል። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም የሚያመኝ ደረጃ ሳይ ብቻ ነው። ልጄ መቅደስ ሥራ፣ ሥራ፣ ሥራ ናት። የሷ ልጅ ሶልያና አሥራ ስድስት ዓመት ሞላት፤ አማርኛ ታውቃለች፣ ግን እንደ በዓል ልብስ ነው የምታወጣው።

ጆሮሽ ደህና ቢሆን በስልክ ነበር የማወራሽ። ባለፈው ስደውል «ማነው? ማነው?» እያልሽ ካርዴን ጨረስሽው። መሠረተ ትምህርት ያስቆጠሩን ፊደል ይኑርልን፣ እንግዲህ በሱ እንተጋገዝ።

የመንግሥት ልጅ ያልኩሽ ለምን መሰለሽ፣ አንዲት ጎረቤት አለችኝ። የሷ ዘመድ የሆነች አንዲት ልጅ አለች። አባት ተብዬው ትልቅ የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ አንዴ ከወጣ ሦስት ቀን፣ አራት ቀን። ሚስቱ ጥላው ሄዳለች። ልጅቷ ስምንት ዓመቷ፤ ብቻዋን በር ቆልፋ፣ ኮርንፍሌክስ እየበላች፣ ቴሌቪዥን ከፍታ ትተኛለች። አስተማሪዋ አንድ ቀን «ትናንት እራት ምን በላሽ?» ብትላት፣ ልጅ አይዋሽ፣ «ኮርንፍሌክስ»። «ከትናንት ወዲያስ?» «ኮርንፍሌክስ»። በቃ። የልጆች ቢሮ መጥቶ ወሰዳት። ጄን ኤንድ ፊንች ከሚባለው ሰፈር ለምትኖር ሚስ ፐርል ለምትባል ጃማይካዊት ሰጧት። ፎስተር ይሉታል። የሰው ልጅ አምጥተው «አሳድጊ» ይሏታል፣ ወጪውን ይችላሉ። ሴትዮዋ ደግ ናት፣ ሐሜት የለኝም።

ችግሩ አሥራ ስምንት ዓመት ነው። አሥራ ስምንት የሞላት ቀን ልጅቷ ከሚስ ፐርል ቤት ትወጣለች። ሕጉ ነው። ቢሮው ፊቱን አያዞርባትም፤ አንድ ክፍል ይፈልጉላታል፣ አልጋ ይገዙላታል፣ እስከ ሃያ አንድ ዓመቷ በየወሩ ይደጉሟታል፣ እየመጡ ያይዋታል። ግን ገና ትምህርቷን አልጨረሰችም። አንቺ ልጅሽን በፈተና ወር ከቤት ታስወጫለሽ? እኔ ጫጩትም አላስወጣ!

ለማንኛውም የሰው ጉዳይ ነው። ፊርደውስ ደህና ናት። ልጄ ፀጋዬ በአራት ዓመቷ ካንቺ ተቀብሎ ካመጣት ወዲህ እንደው አድጋ አድጋ... ትማራለች። ሰላም ብላሻለች።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ስትወለድ ደሴ ሆስፒታል የሰጡሽ ቢጫ የክትባት ካርድ አለ አይደል? የተወለደችበት ቀን ያለበት። ለትምህርት ቤት ይፈልጉታል። ላኪልኝ። ከመጋቢት በፊት ይድረሰኝ።

እህትሽ
ተናኜ


ደሴ
ታኅሣሥ 15 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወይዘሮ ተናኜ፤ በያሉበት የፈጣሪ ጥበቃ አይለይዎ። ጸሐፊው ሰብስቤ ነኝ፣ ከፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የምጽፈው። ወይዘሮ ኩልሱም «አታሳምርብኝ፣ እንዳልኩት ጻፍ» ስላሉኝ ከዚህ በታች ያለው የእርሳቸው ቃል ነው።

እትዬ ተናኜ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን አላህ ያበርታልዎ። መቅደስን፣ ሶልያናን፣ ፀጋዬን ሰላም በሉልኝ። እኛ አልሐምዱሊላህ። ልጆቼ ሁሉም የየራሳቸውን ጎጆ ይዘዋል። ባለፈው የጆሮ መስሚያ ጠይቄዎ ነበር፤ ከተገኘ እሰየው፣ ካልተገኘ ለብርድ የሚሆን ብርድ ልብስ ይበቃኛል፤ እሱም ከከበደ ይቅር። አዲስ ፎቶ ግን አይቅርብኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት የላኩልኝን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ጠዋት ጠዋት ሰላም እላታለሁ፤ እስካሁን አልመለሰችልኝም።

ካርዱ አለ። ከኒካህ ወረቀቴ ጋር በሳጥኔ ውስጥ ነው። አልላክሁትም።

አይቀየሙኝ። ሰዒድ ሞቶብኝ አምስት ልጅ ይዤ ስቀር፣ ትንሿን ለፀጋዬ አንጠልጥዬ የሰጠሁት እርስዎን አምኜ ነው። እናቶቻችን እህትማማቾች ናቸው፤ አንዷ መስጊድ፣ አንዷ ቤተ ክርስቲያን ቢሄዱም ሲያለቅሱ አንድ ቤት ነው። ስለዚህ እንደ እህት ልጠይቅዎ። ስንት ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት ገብታ ያልተፈለገ ካርድ ዛሬ ለምን ተፈለገ? ለምንስ ከመጋቢት በፊት? ልጄ የተወለደችው መጋቢት 17 ነው።

ደግሞ ያቺ የጎረቤትዎ ልጅ እንቅልፍ ነሳችኝ። እትዬ፣ እርስዎ ስም የማይረሱ ሰው ነዎት። የጎረቤትዎን ድመት ስም እንኳ ጽፈውልኝ ያውቃሉ። የኮርንፍሌክሷን ልጅ ስም ግን አልጻፉልኝም። ያሳደገቻትን ጃማይካዊት ስም ጽፈው የልጅቷን ተዉት።

ስሟ ማነው?

እናቷስ በሕይወት አለች? ካለች ታውቃለች?

ኩልሱም

ከጸሐፊው፦ ይህን ሲያጽፉኝ ሦስት ጊዜ ተነሥተው ወጥተዋል። እንዲያውቁት ያህል ነው። ሰ.


ስካርቦሮ፣ ቶሮንቶ
ጥር 12 ቀን 2004 ዓ.ም.

ስሟ ፊርደውስ ነው። ያቺ ያልኩሽ ጎረቤት የለችም።

እህቴ፣ ሰላም የምልበት አፍ የለኝምና ሰላምታ አትጠብቂ። ከዚች ወንበር አሁን አራተኛ ጊዜ ተነሥቼ ተቀመጥሁ። መስኮቱን ከፈትሁ፣ በረዶ ገባ፣ ዘጋሁ፣ ሞቀኝ፣ ከፈትሁ። ሶልያና «አያቴ፣ አር ዩ ኦኬ?» ትለኛለች። አዎ፣ ኦኬ ነኝ፣ ሂጂ አጥኚ።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። የጭነት መኪና ነጂው ልጄ ፀጋዬ ነው። ፀጋዬ ሲያመጣት የሰው ልጅ ማምጣት መንገዱ ረጅም ነው ብለውት «የራሴ ልጅ ናት» ብሎ ፈረመ። እሺ። ግን ፀጋዬ ከአገር የወጣው በ86 ጥር ነው፤ እሷ የተወለደችው በ87 መጋቢት ነው። ስሌቱን አንቺው ታውቂዋለሽ፤ አባት ባሕር ማዶ ተቀምጦ ልጅ አይወለድ! ስለዚህ አንድ ዓመት ጨመረላት። በ86 ተወለደች አለ። እኛ አገር አንድ ዓመት ምን ነበረች? ያንቺና የኔንስ ዕድሜ ማን ያውቀዋል? ማንንም አትጎዳም ብለን ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ስምንት ዓመቷ ላይ የወሰዳት ቢሮም የጻፈው ወረቀቱን ነው። እንግዲህ በዚህ መጋቢት በወረቀት አሥራ ስምንት ይሞላታል። በእውነት አሥራ ሰባት ነው። እኛ የጨመርንባት ዓመት ነው ከቤት የሚያስወጣት።

ይሄ ገና ትንሹ ነው። ትልቁን ልንገርሽና ከዚያ እርገሚኝ።

ልጅቷን የወሰዱ ሰሞን የዚህ ቤት በር ተንኳኳ። አንዲት ነጭ ሴትዮና አንድ ሐበሻ አስተርጓሚ። እኔ ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ወረቀቴ ገና ጥሬ ነው። ፀጋዬ ቀደም ብሎ ደውሎ «እማዬ፣ አንድ ቃል ከተነፈስሽ ሁላችንንም ጭነው ይመልሱናል» ብሎኛል። አስተርጓሚው «ፊርደውስ የምትባል ልጅ አለች፤ ዘመድ ካላት ዘመዷ ጋ ብታድር ይሻላል ብለው ነው። ያውቋታል ወይ?» አለኝ።

«አላውቃትም» አልሁ።

ሰውዬው ዓይኔን አየኝና ቀስ ብሎ «እማማ፣ እርግጠኛ ነዎት?» አለኝ። ሐበሻ አይደል፣ ገብቶታል። ድጋሚ ዕድል ሲሰጠኝ ነው። «እርግጠኛ ነኝ» አልሁት።

ኩልሱሜ፣ እዚያው ቆሜ ስክዳት ከኋላዬ ጓዳ ውስጥ ድስቷ ተቀምጧል። ደሴ አንቺ ቤት ለኔ፣ እኔ ቤት ላንቺ ድስት እንደነበረን፣ እዚህም እንደገባሁ መጀመሪያ የገዛሁት የሷን ድስት ነው፤ ቀይ ክዳን ያለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ስትመጣ ከእስላም ሥጋ ቤት ገዝቼ በሱ እሠራላታለሁ፤ «ልጄን ምን አበላሻት ብለሽ አላህ ፊት እንዳትጠይቂኝ» እያልሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም አልነካውም። መቅደስ አንድ ጊዜ ፓስታ ልትቀቅልበት አንስታው፣ እንዴት እንደጮህሁባት!

ዘጠኝ ዓመት «ትማራለች» እያልሁ ጻፍሁልሽ። መማሩንስ ተምራለች። የት እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

ባለፈው መስከረም ስልክ ተደወለልኝ። ሳሊሃ የምትባል፣ ሐረር ተወልዳ እዚህ ያደገች፣ የቢሮው ሠራተኛ። «እማማ ተናኜ፣ አማርኛዬ ብሮክን ነው፣ ሶሪ» አለች። «ልጅቷ መውጫዋ ደርሷል። እንዲህ የሚወጡ ልጆችን ስናይ ክፍል እናገኛለን፣ አልጋ እናገኛለን፤ ሰው ነው የማናገኘው። ፎርሙ ላይ ‹አደጋ ቢደርስ ለማን ይደወል› የሚል አለ፤ ባዶ ነው። ፋይሉን ወደ ኋላ ሳነብ እርስዎን አገኘሁ።»

«ምን ብሎ ጽፎኛል?» አልኋት።

ወረቀት ስትገልጥ ይሰማኛል። «አላውቃትም ያሉ ሴት፣ ይላል» አለችኝ።

ሄድሁ። አንድ ዶናት ቤት ነው የተገናኘነው። ቁመቷ ያንቺ ነው። ጆሮዋ ላይ ትልቅ ማዳመጫ ደፍታ፣ እጅጌዋን እስከ ጣቷ ጎትታ፣ እንደ ፖሊስ ታየኛለች። ሰላም አላለችኝም። አንድ ጥያቄ ብቻ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ፤ ሳሊሃ አስተረጎመች። «ዌን ዋዝ አይ ቦርን? ማንም የነገረኝ የለም፤ ወረቀት ላይ ነው ያየሁት። የተወለድኩት መቼ ነው?»

እኔ ቀባጣሪ ምን ብል ጥሩ ነው? «የወረቀቱን ነው ወይስ የእውነቱን?»

ሳሊሃ ሳቀች። «አባቴም ሁለት ልደት አለው» አለች። ከዚያ ሳቋ እዚያው ደረቀ። «ቆይ... እማማ፣ እውነቱ መቼ ነው?»

እንግዲህ ይኸው ነው። ማስረጃ ከተገኘ ጠበቃ ይይዘዋል፣ እስኪጣራ ድረስ ሚስ ፐርል ጋ ትቆይ ይሆናል፣ ይሆናል ነው ያለችው፣ አልማለችልኝም። ማስረጃው ያንቺ ቢጫ ካርድ ነው። ግን ካርዱ ላይ እናት ኩልሱም፣ አባት ሰዒድ ነው የሚለው። ያንን ወረቀት ያስገባሁ ቀን የልጄን ውሸት በገዛ እጄ አጋለጥሁት ማለት ነው። መቅደስ ይሄን ስትሰማ «እማዬ፣ አብደሻል? ወንድሜን ልታስይዢው ነው? እኛስ?» ብላ አንድ ሳምንት አኮረፈችኝ። እሷም አልተሳሳተች።

ላኪልኝ ልል ጀምሬ እጄ ይያዛል። አትላኪ ልልም አልችልም። ሁሉንም ነገርሁሽ። አንቺ ፍረጂ።

ተናኜ


ደሴ
የካቲት 10

ተናኜ፣

ይሄን ሰብስቤ አልጻፈውም። ያንቺን ነውር ፍርድ ቤት በር ላይ ላስነብብ አልፈለግሁም። ፊደል አብረን ነው የቆጠርን፤ ቢጣመምም ታነቢዋለሽ።

ደብዳቤሽን ካነበብሁ ስድስት ቀን ሰው አላነጋገርሁም። ደንቆሮ ዝም ሲል ልብ የሚለው የለም።

ሁሉንም ነገርሁሽ አልሽ። አልነገርሽኝም። ፎቶውን ዘለልሽው። እኔ ልንገርሽ። ልጄ ሦስት ዓመቷ ላይ ጉትቻዋን የበር መቀርቀሪያ ይዞባት የግራ ጆሮዋ ጫፍ ተቀዷል። የላክሽልኝ ልጅ ሁለቱም ጆሮዋ ሙሉ ነው። ካናዳ ጆሮም ይሰፋሉ ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርሁ። ሁለት ቀን ነው የቻልሁት። የመቅደስ ልጅ እንደሆነች በአፍንጫዋ አወቅኋት፤ የእናትሽ አፍንጫ ነው። አላወረድኋትም። ልጅቷ ምን አደረገች? ሦስት ዓመት ሰላም አልኋት፤ ሰላምታው መንገዱን ጠይቆ ወደ ልጄ ይደርሳል ብዬ።

ለምን አልጠየቅሽኝም ትይ ይሆናል። ሞታለች እንዳትይኝ ነው። አንቺም ፈራሽ፣ እኔም ፈራሁ፤ ልጅቷ በመሃላችን ወደቀች።

ካርዱ ይኸው። ጥግ ላይ አይጥ በልታዋለች፣ ቀኑ ግን ይነበባል። እኔ ልጄን አንዴ በእጄ አንሥቼ ሰጥቻለሁ። አሁን ተራው ያንቺ ነው። ፍረጂ አልሽኝ፤ አልፈርድም። ስጪው ወይም ቅደጂው፣ ፀጋዬ ያንቺ ልጅ ነው፣ በሩም ያንቺ ነው።

የጆሮ መስሚያውን ተዪው። ብርድ ልብሱንም። ፎቶም አልፈልግ፣ ፎቶሽን አላምነውም። እጇን ወረቀት ላይ ታስቀምጥ፣ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሪና ላኪልኝ። ድምፅ አልሰማም፤ መዳፌን ግን ላስቀምጥበት እችላለሁ።

ኩልሱም


ስካርቦሮ፣ ቶሮንቶ
መጋቢት 15 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

እህቴ ኩልሱም፣ የሰማይ ባለቤት ቁጣሽን ያለዝበው እንጂ አይውሰደው፤ ይገባኛል። «እትዬ» ማለቱን ተውሽው፤ ደግ አደረግሽ። እትዬነቴን አልጠበቅሁትምና።

ዛሬ የምጽፍልሽ ተቀምጬ አይደለም። ሁለት መስመር እጽፋለሁ፣ መስኮት ጋ እሄዳለሁ፣ ተመልሼ ሌላ ሁለት። ቅደም ተከተሉ ቢበላሽ አትፍረጂብኝ።

ካርድሽ ደርሶኛል። መጀመሪያ አሸተትሁት። የሳጥንሽ ሽታ አለው። ከዚያ ፀጋዬ ጋ ደወልሁ፤ አልበርታ ነው ያለው፣ ያው መኪናውን እየነዳ። «ልጄ፣ ካርዱ እጄ ላይ ነው፤ ረቡዕ ልሰጣቸው ነው። ሳልነግርህ አልሰጥም ብዬ ነው» አልሁት። የሞተሩ ድምፅ ብቻ ይሰማኛል። በመጨረሻ ምን አለኝ መሰለሽ? «እማዬ፣ አሁንም ኮርንፍሌክስ ትወዳለች?» አላውቅም አልሁት። «ጠይቂልኝ» አለና ዘጋው። ስጪም አላለ፣ አትስጪም አላለ። እኔ ግን እናቱ ነኝ፣ ሰምቼዋለሁ።

ረቡዕ ቢሮው ስብሰባ ጠራ። ልጅ ከእጃቸው ሊወጣ ሲል «ቤተሰብ ነኝ የሚል ይምጣ» ብለው ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ድስቱን በፌስታል ጠቅልዬ ሁለት አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄድሁ። አንዱ ሹፌር «ማም፣ ሱፕ?» አለኝ፤ ሾርባ መስሎት። «ኖ፣ ፋሚሊ» አልሁት።

ክቡ ትንሽ ነው። ሳሊሃ፣ አለቃዋ፣ ሚስ ፐርል፣ ፊርደውስ፣ እኔ። ሚስ ፐርል ትልቅ ባርኔጣ አድርጋለች፣ ለቤተ ክርስቲያን የምታደርገውን። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ሶ ዩ አር ዘ ዋን» አለች። አንቺ ነሽ ለካ ማለቷ ነው፤ ትርጉም አልጠየቅሁም።

አለቃዋ ለአዲሱ ክፍል የሚገዛውን ዝርዝር ታነባለች። አልጋ፣ ፍራሽ፣ ሁለት ሳህን፣ ሁለት ብርጭቆ፣ አንድ ድስት። «ድስቱን ሰርዢው!» አልሁ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ፌስታሉን ፈታሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት። «ድስት አላት። በስሟ የተገዛ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሥጋ የጠበቀ ድስት ነው።» ሳሊሃ አስተረጎመች።

ልጅሽ ድስቱን አየችው፣ እኔን አየችኝ። «አይ ዶንት ኢት ሚት» አለች።

ሥጋ አልበላም! ኩልሱሜ፣ ዘጠኝ ዓመት! ሚስ ፐርል እጇን አወናጨፈች፤ «ሥጋ ከተወች ሁለት ዓመቷ! ከወጤ ውስጥ ሥጋውን እየለቀመች ታወጣዋለች!» አለች። እኔ ሁዳዴ ላይ ነኝ፣ እሷ ሥጋ የላት፤ ለካስ ሁለታችንም የምስር ነን። ሳቅ መጣብኝ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ከቦርሳዋ አንድ ክምር ወረቀት አወጣች። ልጆቹ ሲያድጉ ፋይላቸውን ማንበብ ይፈቀድላቸዋል አሉ። ቢጫ ቀለም የቀባችበትን መስመር በጣቷ ነካችው። ሳሊሃን አልጠበቀችም፣ በአማርኛ ነው የጠየቀችኝ፤ እንደ ሕፃን አማርኛ፣ በስምንት ዓመቷ ቆሞ የቀረ። «ለምን አላውቃትም አልሽ?»

ታውቂኛለሽ። አፍ አላጣም። መልስ አላጣም። ስለ ፀጋዬ ወረቀት፣ ስለ ራሴ ወረቀት፣ ስለ አስተርጓሚው፣ ሁሉንም አሰናድቼ ነበር የሄድሁት። አንድ ቃል ብቻ ወጣኝ።

«ፈራሁ።»

ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ መለሰች። ያን ጊዜ ነው ልብ ያልሁት፤ የግራው ጫፍ የተቀደደ ነው።

ካርዱን ሰጠሁ። አለቃዋ አገላብጣ አየችው፣ አይጥ የበላችውን ጥግ ሳይቀር ፎቶ ኮፒ አደረገችው። «ይሄ ነገር ለአባትየውና ለእርስዎም ጥያቄ ያስከትላል፣ ገብቶዎታል?» አለችኝ። «ገብቶኛል። ጥያቄ ይምጣ፤ በሬን ያውቁታል» አልኋት። ለጠበቃ ተሰጥቷል። ውሳኔው ሲመጣ ይመጣል፤ እስከዚያ ግን ሰኞ አትወጣም። ሰኞ መጋቢት 17 ነው። እውነተኛው አሥራ ሰባት። ሚስ ፐርል ኬክ ልትጋግር ነው፤ የሻማውን ቁጥር አሥራ ስምንት ብላ አዝዛው ነበርና መቀየር አለባት።

ፎርሙንም ሰጡኝ። «አደጋ ቢደርስ ለማን ይደወል።» ስሜን ጻፍሁ። ቀጥሎ «ዝምድና» ይላል። ሳሊሃ እስክሪብቶውን ይዛ «ምን ልበል እማማ? የእናቷ የአክስት ልጅ? ያ በእንግሊዝኛ ምንድነው?» አለች። «አያት በይ» አልኋት። ፊርደውስ ማዳመጫዋን ሳታወልቅ አየችው። አልሰረዘችውም። አሜንም አላለች።

ስወጣ በሳሊሃ በኩል «ቅዳሜ ቀትር ላይ ቤቴ ምሳ አለ» ብዬ ላክሁባት። ድስቱን ይዤ ተመለስሁ። እመጣለሁ አላለችም። አልመጣም አላለችም።

እንግዲህ ዛሬ ቅዳሜ ነው። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ምስሩ በቀዩ ድስት ውስጥ ነው። አንዴ አሞቅሁት፣ ሁለቴ አሞቅሁት፣ አሁን ሊያርር ነው። መቅደስ ኩርፊያዋን ትታ ሰላጣ ከተፈች፤ ሳትናገር፣ ግን ከተፈች። ሶልያናን ስለ ፎቶው ነገርኋት። «አያቴ! ዩ ዩዝድ ማይ ፌስ?» ብላ ጮኸች፣ በኔ ፊት አታለልሽ ማለቷ ነው፤ ቆይታ ደግሞ «ጠዋት ጠዋት ሰላም ትለኝ ነበር? ሪሊ?» አለች፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ይኸው በሩ ሥር ወንበር ስባ ተቀምጣለች።

ኮርንፍሌክስም ገዝቻለሁ። ትጠላው ይሆናል፣ አላውቅም። ለፀጋዬ መልስ አለብኝ። ወረቀትና እርሳስም ጠረጴዛው ላይ አለ፤ እርሳሱን ሦስቴ ቀርጬዋለሁ፣ ሊያልቅ ነው። እጇን ትሰጠኝ እንደሆን አልምልልሽም። ባትሰጠኝ ባዶውን ወረቀት እልክልሻለሁ፣ ያንቺን እጅ አስምረሽ መልሺልኝ፣ ለሷ እሰጣታለሁ፤ ከአንዳችሁ ካልጀመረ አይ

ቆይ። ደወሉ ነው።

ሶልያና ከፈተችው። አላያትም፣ ኮሪደሩ ጠማማ ነው። ድምፅ ግን አለ፤ ቀጭን፣ ቸኩሎ የመጣ፣ ያ በስምንት ዓመቷ ቆሞ የቀረ አማርኛ። የፊርደውስ ቤተሰብ እዚህ ነው ወይ፣ ያውቋታል ወይ እያለች ነው።

«አያቴ! ነይ! ምን ልበላት?» ትለኛለች።

ምንም አትበያት ሶልያና፣ እኔ ራሴ ነኝ የምመልስላት